«ስኩል ግራንት» ምንድን ነው? ካቡን ይሠራል፣ ዘበኛውን አይቀጥርም

መንዝ ውስጥ የተማርኩበት ትምህርት ቤት አጥር አልነበረውም። ሒሳብ እየተማርን ላም በበሩ አንገቷን ታስገባ ነበር። ላሟስ ደህና፤ በሳቅ ታልፋለች። ክረምት ላይ ወንበር እየተሸከመ የሚሄደው ነበር ችግሩ። መስከረም ስንመለስ ድንጋይ ላይ የምንቀመጠው በዚሁ ሰበብ ነው።

ዛሬ ወላጆች ስብሰባ ላይ «ይሄ አጥር መቼ ነው የሚሠራው?» ሲሉ፣ ርእሰ መምህሩ «ስኩል ግራንት ሲለቀቅ» ይላል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን የለም።

የወረቀት ስሙ «የትምህርት ቤት ድጎማ በጀት» ነው። በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ለየትምህርት ቤቱ የሚደርስ ብር ነው። በ2001 ዓ.ም. «ጌኪፕ» የሚባለው የትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ሲጀመር በሰፊው መጣ። ገንዘቡን ያዋጡት መንግሥትና ዓለም ባንክን የመሳሰሉ ለጋሾች ናቸው። ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ትምህርትን እስከ 10ኛ ክፍል ነፃ አድርጓል። ክፍያ ከሌለ፣ የወረዳው በጀትም አብዛኛው ለደመወዝ ከሄደ፣ ጠመኔው ከየት ይምጣ?

ብሩ እንዲሁ አይበተንም። ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ ራሱን ይገመግማል፣ ከዚያ የመሻሻል ዕቅድ ያወጣል። ዕቅዱ አራት ዘርፍ አለው፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት ሁኔታና አካባቢ፣ አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። አጥር፣ የግቢ በርና የመስኮት ጥገና ሁለተኛው ውስጥ ይገባሉ። ወጪው ላይ ወተመህ፣ ማለትም የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረት፣ ይመክርበታል። እዚህ ላይ ነው ጭቅጭቁ። መጽሐፍ ይቅደም ወይስ አጥር? መጽሐፉ ከተሰረቀስ?

ስሌቱም ለትንሽ ትምህርት ቤት አይመችም። ደጋ ላይ ያለ ጥቂት ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት የሚያገኘው ብር ጥቂት ነው። ግቢው ግን በተማሪ ቁጥር ልክ አይጠብም። እንደ እድል ሆኖ መንዝ ድንጋይ አይቸግርም። ወላጅ ድንጋይ አቅርቦ ካቡን ይክባል፤ በድጎማው ቆርቆሮና የብረት በር ይገዛል። የአሜሪካም አሠራር ከዚህ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የትምህርት ቤት ጥቃት መከላከያ ሕግ ለመሰል ሥራዎች ድጎማ ሲፈቅድ፣ የፌዴራሉ ድርሻ ከ75 በመቶ አይበልጥም። ቀሪውን ተቀባዩ ራሱ ይሸፍናል። መዋጮ እዚያም አለ ማለት ነው።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ ስኩል ግራንት ደመወዝ አይከፍልም። ካቡ ያልቃል፣ በሩ ይቆለፋል፣ በዚያ ብርድ ባና ተከናንቦ የሚያድር ሰው ግን ከዚህ ብር አይከፈለውም። የሚከፈለው ወይ ከወረዳው በጀት ነው፣ ወይ ከወላጅ መዋጮ፣ ወይ ከውስጥ ገቢ። የውስጥ ገቢ ሲባል የግቢው ሣርና ባሕር ዛፍ ሽያጭ ነው። ሰዉን የሚያደናግረው ወረዳው የሚያገኘው በጀትም «ብሎክ ግራንት» መባሉ ነው። ሁለቱም ግራንት፣ ኪሳቸው ግን ለየቅል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ አጥሩ ርእሰ መምህሩን ጠይቁ። ስለ ዘበኛው ደመወዝ ግን እሱን አታስጨንቁት፤ ወረዳ ሂዱ።