ጌትስቢ ለዴዚ ብሎ ነው የከበረው?

«ታላቁ ጌትስቢ» ሲነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ፊልሙ ነው። ሻምፓኙ፣ ጭፈራው፣ ቢጫዋ መኪና። መጽሐፉን ላላነበበ በአጭሩ፦ ጊዜው 1922 ነው፣ ቦታው ኒውዮርክ አጠገብ ሎንግ አይላንድ። ጌትስቢ የሚባል፣ ሀብቱ ከየት እንደመጣ በግልጽ የማይታወቅ ሰው፣ ከአምስት ዓመት በፊት ያጣትን ዴዚን ለማስመለስ ከቤቷ ትይዩ፣ ከውሃው ማዶ ቪላ ይገዛል። እሷ ግን ቶምን አግብታ ወልዳለች። ስለ መጽሐፉ ሰዎች ደጋግመው የሚሏቸውን አራት ነገሮች አንድ በአንድ እንያቸው። (መጨረሻውን ስለምነካካ፣ ገና እያነበባችሁ ያላችሁ ጨርሳችሁ ተመለሱ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

«ለእሷ ብሎ ነው የከበረው»

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። በጌትስቢ ቀብር ዕለት አባቱ ከኪሳቸው አንድ የተቀዳደደ የልጅነት መጽሐፍ ያወጣሉ። መጨረሻው ገጽ ላይ ልጁ የጻፈው ፕሮግራም አለ። ጠዋት 12 ሰዓት መነሳት፣ ስፖርት፣ ኤሌክትሪክ ማጥናት፣ የንግግር ልምምድ። ከሥሩ ደግሞ «በሳምንት 5 ዶላር መቆጠብ» ይላል። 5ቱን ሰርዞ 3 አድርጎታል። እኔን አንጀቴን የምትበላኝ ይቺ ስረዛ ናት። ቀኑ የ1906 ነው። ዴዚን ያገኛት በ1917፣ መኮንን ሆኖ። ምኞቱ ከፍቅሩ በ11 ዓመት ይበልጣል ማለት ነው። ዴዚ የደረሰችው ቀድሞ ተዘርግቶ በቆየ ሕልም ላይ ነው።

«ዴዚ ገንዘብ እንጂ እሱን ወድዳ አታውቅም»

አይመስለኝም። የሠርጓ ዋዜማ ሰክራ አልጋ ላይ ተገኝታለች፣ በአንድ እጇ ጠርሙስ፣ በሌላው ደብዳቤ። የማን ደብዳቤ እንደሆነ አይነገረንም፣ ግን ማንም አይስተውም። ገንዳ ውስጥ ሲያስገቧት እንኳ ወረቀቱ ርሶ እስኪበጣጠስ አልለቀቀችውም። በማግስቱ 350 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ሉል የሰጣትን ቶምን አገባች።

ኋላ ሆቴል ውስጥ ጌትስቢ «ቶምን አንድም ቀን ወድጄው አላውቅም በዪ» ብሎ ያፋጥጣታል። ሁለታችሁንም ወድጃለሁ አለች። ሌላ ሰው ቢሆን ይሄን ሰምቶ ይዟት ይሄዳል። ለእሱ ግን አልበቃውም፤ አምስቱ ዓመት ጭራሽ እንዳልነበረ እንዲሆንለት ነው የፈለገው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጌትስቢ የወደቀው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው፣ ጥይቱ ኋላ የመጣ ነገር ነው።

«ገና እንደታተመ ነው ዓለም ያበደለት»

የት አባቱ! በ1925 ወጣ፤ ደራሲው ስኮት ፊትዝጄራልድ በ1940 ሲሞት የሁለተኛው ኅትመት ቅጂዎች ገና መጋዘን ውስጥ ነበሩ። መጽሐፉ ሕይወት የዘራው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ወታደሮች በነጻ ሲታደል ነው።

«ወንጀለኛ እንዴት ጀግና ይባላል?»

አልኮል በተከለከለበት ዘመን አረቄ ቸርችሯል፣ እውነት ነው። ግን የትራጄዲ ጀግና ጻድቅ መሆን የለበትም። ከፍ ያደረገው ነገር ራሱ ሲጥለው ነው። መጨረሻው አካባቢ የጌትስቢ መኪና አንዲት ሴት ገጭታ ትገድላለች። ብዙዎች ሴትዮዋን የገጨው እሱ ይመስላቸዋል፤ መኪናውን የነዳችው ዴዚ ናት። ጥፋቱን እሱ ሊሸከም ወሰነ። የሟች ባልም በማግስቱ እሱን ገደለው።

አደጋው በደረሰበት ሌሊት ጌትስቢ፣ ቶም ዴዚን እንዳይጎዳት ብሎ ቤቷ ደጅ ቆሞ መስኮቷን ሲጠብቅ አደረ። ውስጥ ዴዚና ቶም ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እጁ እጇ ላይ ነው። መሐላቸው የቀዘቀዘ ጥብስ ዶሮና ሁለት ጠርሙስ ቢራ አለ።