ያገለገለ የፔሌት ስሞከር ከመግዛታችሁ በፊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ያገለገለ የፔሌት ስሞከር፣ ማለትም ሥጋን በእንጨት እሳትና ጭስ ቀስ አድርጎ የሚያበስል በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ምድጃ፣ ለመግዛት ያሰበ ሰው ምክር አያጣም። አንዱ “ዝገት ካየህ ሳትነካው ተመለስ” ይለዋል። ሌላው “ስክሪኑ ከበራ አትጨነቅ” ይለዋል። ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚመክሩት፤ ግን ሁለቱም ተሳስተዋል። በእንዲህ ያለ ምክር ደህናው እቃ ተትቶ ብልሹው ሲገዛ ማየት ያንገበግበኛል። ስለዚህ በሰው አፍ የሚዞሩትን ስህተቶች አንድ በአንድ እናንሳቸው።

መጀመሪያ እቃው እንዴት እንደሚሠራ እንግባባ። ፔሌት ከሰጋቱራ ተጨምቆ የተሠራ፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ማገዶ ነው። በስሞከሩ ጎን ባለ ሳጥን ውስጥ ይጠራቀማል። ከሳጥኑ ሥር ኦገር የሚባል ጠመዝማዛ ብረት አለ። ትንሽ ሞተር ኦገሩን እያዞረ ፔሌቱን ወደ ማንደጃው ይገፋል። ማቀጣጠያው ዘንግ ግሎ ያነደዋል፣ ፋኑ አየር ይሰጠዋል። ሴንሰሩ ውስጡ ስንት ዲግሪ እንደደረሰ ይለካል። መቆጣጠሪያው ያንን አይቶ ኦገሩን ያዞራል ወይም ያሳርፋል። በቃ ይኸው ነው።

“ስክሪኑ ከበራ ይሠራል ማለት ነው”

ስክሪኑ ሲበራ የሚነግራችሁ መብራት መግባቱን ብቻ ነው። ኦገሩ መዞሩን፣ ማቀጣጠያው መጋሉን፣ ሴንሰሩ በትክክል መለካቱን አይነግራችሁም። ስሞከሩ ዓይናችሁ እያየ ሳይነድ ገንዘብ አትክፈሉ። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ከመሄዳችሁ በፊት ለሻጩ ደውሉና “እባክዎ እስክደርስ አያንድዱት፣ ቀዝቃዛ እንዳለ ነው ማየት የምፈልገው” በሏቸው። የሞቀ ስሞከር ብዙ ነገር ይደብቃል። ማቀጣጠያው የሞተበት ሰው ፔሌቱን በእጁ ለኩሶ ሊጠብቃችሁ ይችላል። የምድጃ ቴርሞሜትር፣ የእጅ ባትሪ፣ ጓንት እና ሁለት ኪሎ ያህል አዲስ ፔሌት ይዛችሁ ሂዱ።

እዚያ ስትደርሱ ፍርግርጉንና የስብ ትሪውን አንሡ፤ ማንደጃው ይታያችኋል። አመድና ያልነደደ ፔሌት ካለበት ይጠረግ። ከዚያ ይብራ። ማቀጣጠያው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መቅላት አለበት፤ በዓይናችሁ እዩት እንጂ እንዳትነኩት። ፔሌቱ ጠብ ጠብ እያለ ይገባል። መጀመሪያ ወፍራም ነጭ ጭስ ይወጣል። አትደንግጡ፣ እንዲህ ነው መሆን ያለበት። እሳቱ ሲይዝ ጭሱ ይሳሳና ወደ ሰማያዊነት ያደላል። ነጩ ጭስ አልጠፋ ካለ ግን አንድ ችግር አለ፤ ወይ ፔሌቱ እርጥብ ነው፣ ወይ አየር አይደርሰውም።

ትሪውን በጓንት መልሱና 110 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አድርጉት። ሲረጋ ወደ 200 ከፍ አድርጉት። በጠቅላላው 45 ደቂቃ ያህል ይንደድ። ዝቅተኛው ላይ ደህና የሚሠራ፣ ከፍተኛው ላይ ግን አልደርስ የሚል አለ። ጆሯችሁንም አቁሙ። ብረት ከብረት ሲፋጭ ከሰማችሁ ኦገሩ ታግሏል ማለት ነው። በመጨረሻ በማጥፊያው ቁልፍ ይጥፋ። ፋኑ ወዲያው ቀጥ ማለት የለበትም። የቀረው ፔሌት ነዶ እስኪያልቅ ለተወሰነ ደቂቃ መዞር አለበት።

ሻጩ “ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለኝም” ካሉ፣ ሌላ ቀን ጠይቁ። ሌላ ቀንም ከሌለ ይቅር።

“ብዙም ያልተጠቀሙበት ይሻላል”

ይህ ለብዙ እቃ ያስኬዳል። ለፔሌት ስሞከር ግን ብዙ ሰው ያሳሳተ ሐሳብ ነው። የዚህ እቃ ዋና ጠላት ሥራ ሳይሆን እርጥበት ነው። ፔሌቱን ያያዘው ሙጫ አይደለም። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን በግፊትና በሙቀት ለስልሶ ነው ሰጋቱራውን ያጣበቀው። ውኃ ሲነካው ይለቃል። ፔሌቱ ያብጣል፣ ይፈርሳል፣ ተመልሶ ሰጋቱራ ይሆናል። ኦገሩ ውስጥ እንዳለ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል።

አንድ ጊዜ ላየው የሄድኩት ስሞከር ቀለሙ ያብረቀርቅ ነበር። ፍርግርጉ ጥቀርሻ እንኳ በቅጡ አልነካውም። ባለቤቱ “ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የነደደው” አሉኝ፤ እውነታቸውን ነበር። ግን ሳጥኑ ፔሌት እንደሞላ፣ ያለ ሽፋን፣ ሁለት ክረምት ውጭ ከርሟል። ስናበራው ሞተሩ አጉረመረመ፤ ኦገሩ ንቅንቅ አላለም። ሳጥኑን ከፍቼ ባትሪ ሳበራበት ታችኛው ፔሌት አንድ ድንጋይ ሆኖ ተጋግሯል። ከዚያ በኋላ የገዛሁት በጭስ የጠቆረ፣ በየሳምንቱ የሚነድ ነበር። ባለቤቱ አመዱን ይጠርጋሉ፣ ፔሌቱን አውጥተው በክዳን ባልዲ ያስቀምጣሉ። ገና ሲበራ ተቀጣጠለ።

ስለዚህ “ስንት ዓመቱ ነው?” ከማለት በፊት ሌላ ጥያቄ ይቅደም። የት ነበር የሚቀመጠው? ሽፋን ነበረው? ሳይጠቀሙበት ሲቆይ ፔሌቱ ይወጣ ነበር? አመዱ በየስንት ጊዜው ይጠረጋል? እቃውን የተንከባከበ ሰው ለነዚህ መልስ አያጣም። “የምን አመድ?” የሚል ካጋጠማችሁ ማንደጃውን ሁለት ጊዜ እዩት።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዱ ኦገር ላይ ሆን ተብሎ ደከም ያለ ቀጭን ፒን ይደረጋል። ኦገሩ ተጣብቆ አልዞር ሲል ሞተሩ እንዳይጎዳ ፒኑ ይሰበራል። ሞተሩ እየዞረ ኦገሩ ቆሞ ካያችሁ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። ፒኑ ርካሽ ነው። ቁም ነገሩ ምን ሰበረው የሚለው ነው።

“ዝገት ካለው አለቀለት”

የዝገቱ መኖር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ ያለበትን ቦታ እዩ። እግሩ፣ ጎማው፣ ብሎኑ፣ የክዳኑ ጠርዝ ላይ ያለ ላይ ላዩን ዝገት በሽቦ ብሩሽና ሙቀት በሚችል ቀለም ይስተካከላል። ፍርግርጉም ቢዝግ ይፈተጋል፣ ካልሆነም ይቀየራል። ማንደጃው ራሱ እሳቱን ተሸክሞ የሚኖር ስለሆነ ከጊዜ ጋር መሳሳቱ አይቀርም። ብዙ ሞዴሎች ላይ ተፈትቶ በአዲስ ይተካል።

የሚያስፈራው የዋናው አካል ወለል ነው። ስብና ውኃ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። በመፍቻ እጀታ ቀስ እያላችሁ አንኳኩት። ጤናማ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተበላ ብረት ድምፁ የታፈነ ነው፣ አንዳንዴም ይፈረፈራል። ቀዳዳ ካገኛችሁ፣ ወይም የሳጥኑ ወለል ከተበላ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ እኔ አልገዛውም።

የክዳኑ ውስጠኛ ክፍል ቅርፊት ቅርፊት እያለ ሲላጥ ያየ ሰው ደግሞ “ቀለሙ እየተላጠ ምግብ ላይ ይወድቃል” ብሎ ይሸሻል። ብዙውን ጊዜ ቀለም አይደለም። የስብና የጭስ ክምችት ተቃጥሎ፣ ደርቆ ነው የሚላጠው። በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ይነሣል። መጽዳቱ ግን የግድ ነው፤ ምግብ ላይ መርገፉ ደስ አይልም፣ ስቡም እሳት ይይዛል።

“ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ካለ ተበላሽቷል”

አይደለም። ኦገሩ ያለማቋረጥ አይዞርም፤ ለጥቂት ሰከንድ ዞሮ ያርፋል። እሳቱም አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። በቆዩ መቆጣጠሪያዎች ላይ 10 ወይም 15 ዲግሪ መወዛወዝ የተለመደ ነው። ፒአይዲ የሚባሉት መቆጣጠሪያዎች ልዩነቱን ያጠባሉ። ለሰዓታት በቀስታ ለሚበስል ሥጋ ይህ ልዩነት ብዙም ለውጥ አያመጣም። የእናንተ ቴርሞሜትርና ስክሪኑ ትንሽ ቢለያዩም አትገረሙ፤ ሴንሰሩ ያለው ግድግዳው ላይ ነው፣ የእናንተ ደግሞ ፍርግርጉ ላይ።

ብልሽት የሚባለው ሙቀቱ ሳይገታ ሲወጣ፣ ወይም ወርዶ ወርዶ እሳቱ ሲጠፋ ነው። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ሴንሰሩን በጨርቅ ጥረጉት። በጥቀርሻ የተሸፈነ ሴንሰር ሙቀቱን ዘግይቶ ነው የሚያውቀው።

“መለዋወጫ አይገኝለትም”፣ ወይም “ሁሉም ነገር ይቀየራል”

ሁለቱም ግማሽ እውነት ነው። የመጀመሪያውን የፔሌት ግሪል (ስሞከር) የሠራው ጆ ትሬገር የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ በኦሪገን ግዛት፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.)። በ1986 ፓተንት አገኘ። ፓተንቱ በ2006 ገደማ ሲያበቃ ሌሎች አምራቾች በብዛት ገቡበት። ብዙዎቹ ተመሳሳይ አሠራር ስለተከተሉ ማቀጣጠያው፣ የኦገር ሞተሩና ፋኑ በብዙ ሞዴሎች ላይ ይቀራረባሉ። በልኩና በቮልቱ ፈልጎ የሚገጥም ማግኘት ይቻላል። የሞተ ማቀጣጠያ እንግዲህ ዋጋ ማስቀነሻ ነው እንጂ መሸሻ አይደለም።

መቆጣጠሪያው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በተለይ ስልክ ላይ በአፕ የሚሠራው ከአምራቹ ጋር የተሳሰረ ነው። አምራቹ ሞዴሉን ካቆመ ምትክ ፍለጋው ጣጣ ነው። እንዲህ ያለውን ስትገዙ ሻጩ እዚያው ቆመው ከራሳቸው አካውንት ያላቅቁላችሁ። ቤት ከገባችሁ በኋላ መደዋወሉ አድካሚ ነው።

“ሶኬቱ ከገባ ይሠራል”

ከሌላ አገር የመጣ ከሆነ ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። ለ120 ቮልት የተሠራ ስሞከር 220 ላይ ሲሰካ መቆጣጠሪያውም ማቀጣጠያውም ሊቃጠል ይችላል። “ትራንስፎርመር አለው” የሚል ሻጭ በከፊል ልክ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበትን ብዛት፣ አይቀይርም። ለ60 ኸርዝ የተሠራ በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ (ኤሲ) የሚዞር ሞተር በ50 ኸርዝ መስመር ላይ ይዘገያል፤ የፔሌቱና የአየሩ መጠን አብሮ ይቀየራል።

“ዋስትናው ገና አላለቀም”

የብዙ አምራቾች ዋስትና ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነው። ሻጩ ደረሰኙን ቢሰጧችሁም ላይሠራላችሁ ይችላል። በጽሑፍ ካላያችሁት እንደሌለ ቁጠሩት።

“የሚመርቁልኝ ፔሌት ትርፍ ነው”

አንዱን ፍሬ ስበሩት። ጥሩ ፔሌት ወዝ አለው፣ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። በጣት ከፈረሰ ኦገራችሁ ውስጥ አታስገቡት። ከረጢቱንም አንብቡ፦ ለቤት ማሞቂያ የተሠራ ፔሌት ለምግብ አይሆንም። የምን እንጨት እንደሆነና ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም።

“ኤሌክትሪክ ስለሆነ አደጋ የለውም”

ውስጡ ያለው እውነተኛ እሳት ነው፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድም ይወጣዋል። ስለዚህ ቤት ውስጥም፣ በተዘጋ ጋራዥም አይነድም። ለመሞከር ብላችሁም ቢሆን።

ያገለገለ ስትገዙ ደግሞ እሳት ወደ ኋላ ሄዶበት እንደሆነ እዩ። ሰው ስሞከሩን በወጉ ሳያጠፋ ሶኬቱን ሲነቅል ፋኑ ይቆማል፣ እሳቱ ግን በኦገሩ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ሳጥኑ ሊሳብ ይችላል። የሳጥኑ ውስጥ ጥቀርሻ ካለበት፣ ውጭው ቀለሙ ከተቃጠለ፣ ወይም ሽቦዎቹ ከቀለጡ ይህ ሆኗል። ሌላም አለ። እሳቱ መሀል ላይ ጠፍቶ ኦገሩ መግፋቱን ከቀጠለ ማንደጃው በፔሌት ይሞላል። ያንን ሳያራግፉ እንደገና ማቀጣጠል ድንገተኛ ቡልቅታ ያመጣል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ በሙከራው ቀን እንዲህ ከሆነ ማንደጃው ባዶ እስኪሆን ማንም ቁልፉን አይንካ።

“በግማሽ ዋጋ ካገኘሁ አተረፍኩ”

የምን ግማሽ? ሻጩ የሚጠሩት አዲስ ሲገዙ የከፈሉትን ነው። እናንተ ማወዳደር ያለባችሁ ያው ሞዴል ወይም አቻው ዛሬ በቅናሽ ከሚሸጥበት ዋጋ ጋር ነው። አዲሱ ዋስትና አለው። ከልዩነቱ ላይ የሚቀየሩትን እቃዎች ዋጋ ቀንሱ፣ ማጓጓዣውን ቀንሱ። የቀረው ትንሽ ከሆነ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን አዲሱን ግዙ።

እውነተኛውን ቅናሽ ብዙ ጊዜ ያየሁት “አይሠራም” ተብሎ በሚሸጥ፣ አካሉ ግን ጤነኛ በሆነ እቃ ላይ ነው። መፍቻ መያዝ ለማይከብደው ሰው የሞተ ማቀጣጠያ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ያገኛችሁትን ጉድለት አንድ በአንድ ለሻጩ አሳዩ፣ የመለዋወጫውን ዋጋ ንገሯቸው፣ የምትከፍሉትንም በግልጽ ተናገሩ። ካልተስማሙ ስልካችሁን ትታችሁ ሂዱ። እቃው ቦታ ይዞባቸው ከሆነ መልሰው ይደውላሉ።