የወሎ ችግረኛ ተማሪና የዩኒቨርሲቲ ወጪ

በወሎ «ልጁ ግቢ ገባ» ሲባል ዩኒቨርሲቲ ደረሰው ማለት ነው። ይህ ዳሰሳ ከዚያ በኋላ ያለውን ወጪ ማን እንደሚችለውና የድሃ ቤት ልጅ እስከ ምረቃ የሚዘልቀው በምን እንደሆነ ይመለከታል።

ተማሪ ማብላት ለወሎ የቆየ ወግ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባስተማሩበት በሐይቅ አካባቢ የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቁራሽ ይቀበላል። በጃማ ንጉሥ፣ በጌታና በዳና የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ደግሞ ከሩቅ የመጣ ደረሳ (የእስልምና ተማሪ) ሲቀራ ቀለቡን የሚችለው የአገሩ ሰው ነው። በዘመናዊው ትምህርት የመጀመሪያው ስም በ1920ዎቹ ደሴ ላይ የተመሠረተውና በእቴጌ መነን እናት የተሰየመው አንጋፋው ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ነው። በንጉሡና በደርግ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ለገባ ተማሪ ወጪውን የሚችለው መንግሥት ነበር።

ይህ የተለወጠው በ1995 ዓ.ም. በወጣው የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91/1995 ነው። ተማሪው «ኮስት ሼሪንግ» በሚለው በዚህ አሠራር የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ሲገባ ግን አይከፍልም፤ ውል ይፈርማል። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ዕዳው ከ15 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ያልቃል። አስቀድሞ የሚከፍል ቅናሽ ያገኛል፤ መምህር የሚሆን በአገልግሎቱ ይከፍላል። ደንቡ ድሃውን ከበር አለመመለሱ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ዋናው ዲግሪ ዕዳው እስኪጠናቀቅ ስለሚያዝ ሥራ ያጣ ምሩቅ ጊዜያዊውን ይዞ ይዞራል። ይህ ድሃውን ከሌላው የበለጠ ይጎዳል የሚሉ አሉ፤ ሀብታም ቤተሰብ አንድ ጊዜ ከፍሎ ስለሚገላገል አባባሉ እውነትነት አለው።

ውሉ የማይሸፍነው ብዙ ነው። ምደባው አገር አቀፍ በመሆኑ ወሎ፣ ወልድያና መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲዎች ደጁ እያሉ የደቡብ ወሎው ቦረና ወይም የሰሜን ወሎው ዋድላ ልጅ ጅግጅጋ ወይም አርባ ምንጭ ሊደርሰው ይችላል። የአውቶቡሱ፣ የብርድ ልብሱና የአንሶላው፣ የሃንድአውት ኮፒው፣ የሳሙናውና የሴቶች ንጽሕና መጠበቂያው ገንዘብ ከቤት ነው። ግቢ የሚሰጠው ምግብ ራሱ ለዓመታት በቀን 15 ብር፣ በኋላም 22 ብር የተበጀተለት ነበር። በ2017 ዓ.ም. 100 ብር መሆኑ ዘግይቶም ቢሆን ተገቢ እርምጃ ነው።

ከቤት የሚወጣው ገንዘብ በወሎ ምንጩ የታወቀ ነው። በግ ይሸጣል፣ ዘመድ ያዋጣል፣ አንዳንድ ቦታ የቅሬው (የዕድሩ) ሰው እጁን ይዘረጋል። ከሁሉ በላይ ግን ሳዑዲ ወይም ቤይሩት ያለች እህት ትልካለች። ብዙ ጊዜ እሷ ትምህርቷን አቋርጣ የሄደች ናት፤ ስለ ተማሪ ድጋፍ ሲወራ ስሟ አለመነሳቱ ያሳዝናል። ግቢ ውስጥ ደግሞ የተማሪዎች በጎ አድራጎት ክበባት ልብስና ደብተር አሰባስበው ለቸገረው ጓደኛ ያደርሳሉ። በግል ኮሌጅ ወይም በኤክስቴንሽን የሚማረው ግን ክፍያውን ወዲያው ስለሚጠየቅ የወጪ መጋራቱ ውል አይደርሰውም።

ሁለት ነገሮች በቅርብ ዓመታት ጉዞውን አክብደውታል። በሰሜኑ ጦርነት ወልድያ ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም.፣ ደሴና ኮምቦልቻ ደግሞ ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኅዳር ተይዘው ቆዩ። የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘረፉ፣ ወደሙ፤ ልጁን የሚያስተምረው ገበሬም ከብቱንና አዝመራውን አጣ። ያም ሆኖ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ከፍርስራሽ ተነሥተው ተማሪዎቻቸውን መልሰው ተቀብለዋል። ቀጥሎ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጣው ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ሆነ፤ ከቀሩት መካከል በተሻለ ውጤት ለተመረጡት የሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ፕሮግራም ተከፈተ። የሪሚዲያል ተማሪ ግቢ ገብቶ ይበላል፣ ያድራል፤ በመጨረሻው ፈተና ካላለፈ ግን ቤተሰቡ በግ ሸጦ የላከውን ልጅ በዚያው ዓመት መልሶ ይቀበላል።