የቅዳሜ ጨዋታዎች ድልድል፦ የአሜሪካ የኮሌጅ ኮንፈረንሶችና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በስፖርት የሚወዳደሩት ኮንፈረንስ በሚባሉ ማኅበራት ተደራጅተው ነው። ኮንፈረንሱ የአባላቱን ውድድር ከመምራት ባሻገር የጨዋታዎቻቸውን የስርጭት መብት በአንድነት ይሸጣል። በተለይ በአሜሪካን ፉትቦል ወቅት፣ በአንድ ቅዳሜ ብቻ በርካታ ጨዋታዎች ስለሚደረጉ፣ የትኛው ጨዋታ በየትኛው ጣቢያና በስንት ሰዓት እንደሚታይ መወሰን ራሱን የቻለ ከባድ ሥራ ነው።

ይህ ሥልጣን ድሮ የኮንፈረንሶች አልነበረም። የአገሪቱን የኮሌጅ ስፖርት የሚያስተዳድረው ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ፣ ቴሌቪዥን ተመልካቹን ከስታዲየም ያስቀረዋል በሚል ስጋት የሚተላለፉትን ጨዋታዎች ብዛት በጥብቅ ይገድብ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በነበረው ዕቅድ አንድ ቡድን በሁለት ዓመት ውስጥ ከስድስት ጊዜ በላይ በቴሌቪዥን መታየት አይችልም ነበር። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ተቃውመው ከሰሱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1984 ገደቡ የነጻ ውድድርን ሕግ ይጥሳል ሲል 7 ለ2 በሆነ ድምፅ ወሰነ። በልዩነት ከቆሙት ሁለት ዳኞች አንዱ፣ በወጣትነታቸው የታወቁ የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋች የነበሩት ባይረን ዋይት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ገበያው ተከፈተ። የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ በሜዳው የሚያደርጋቸውን ጨዋታዎች ከ1991 ጀምሮ ኤን.ቢ.ሲ. ለተባለው ጣቢያ ለብቻው ሸጠ፤ ታላላቆቹ ኮንፈረንሶችም አንድ በአንድ የየራሳቸውን ውል ያዙ።

የድልድሉ መሠረታዊ ደንብ መብቱ የባለሜዳው መሆኑ ነው። ሁለት ቡድኖች ከተለያዩ ኮንፈረንሶች ሲገናኙ ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ከባለሜዳው ኮንፈረንስ ጋር ውል ያለው ጣቢያ ነው። በ2025 የውድድር ዘመን መክፈቻ ቴክሳስ ወደ ኦሃዮ ስቴት ሄዶ ሲጫወት ጨዋታውን ያሳየው የኦሃዮ ስቴት ኮንፈረንስ የቢግ ቴን ባለውል የሆነው የፎክስ ጣቢያ ነበር፤ የቴክሳስን ኮንፈረንስ የኤስ.ኢ.ሲ.ን መብት የያዘው ኢ.ኤስ.ፒ.ኤን. ግን በዚያ ጨዋታ ድርሻ አልነበረውም።

በአንድ ኮንፈረንስ ውስጥ በርካታ ጣቢያዎች ሲገቡ ነገሩ ይወሳሰባል። ቢግ ቴን በ2022 የተፈራረመው ውል ለሰባት ዓመት ከሰባት ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያወጣ የተነገረ ሲሆን ቅዳሜን ለሦስት ያካፍላል፤ እኩለ ቀን ለፎክስ፣ ከሰዓት በኋላ ለሲ.ቢ.ኤስ.፣ ምሽቱ ለኤን.ቢ.ሲ.። ሦስቱም ታዲያ የሚፈልጉት ያንኑ ትልቅ ጨዋታ ስለሆነ በውሉ በተቀመጠው ተራ መሠረት እየተፈራረቁ ይመርጣሉ። አንዳንድ ጨዋታዎች ዘመኑ ሳይጀመር ሰዓታቸው ይቆረጥላቸዋል፤ የቀሩት አብዛኛውን ጊዜ ከጨዋታው 12 ቀን፣ አንዳንዴም ስድስት ቀን ብቻ ሲቀር ይመደባሉ። ለጣቢያው ይህ መዘግየት ጥቅም አለው፤ የተዳከመውን ቡድን ትቶ ያንሰራራውን ያነሣበታል። በመኪና ወይም በአውሮፕላን የሚጓዘው ደጋፊ ግን ጨዋታው ቀን ይሁን ሌሊት ሳያውቅ ትኬትና መኝታ ይይዛል፤ ይህ ሸክም በውሎቹ ውስጥ ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከምርጫው የተረፉት ጨዋታዎች ወደ ኬብል ጣቢያዎች ወይም በኢንተርኔት ወደሚታዩ አገልግሎቶች ይሄዳሉ። ለዚህም ሲባል ኮንፈረንሶች በስማቸው የሚጠሩ ጣቢያዎችን አቋቁመዋል፤ የቢግ ቴን በ2007፣ የኤስ.ኢ.ሲ. በ2014 ሥራ ጀመሩ። እነዚህ ጣቢያዎች ከእያንዳንዱ የኬብል ደንበኛ በየወሩ የሚሰበሰብ ክፍያ ስለሚያገኙ፣ ኮንፈረንሶች አዲስ አባል ሲቀበሉ በዙሪያው ያለውን የቤተሰብ ብዛት ይቆጥሩ ጀመር። ሜሪላንድና ራትገርስ በ2014 ቢግ ቴንን ሲቀላቀሉ የዋሽንግተንና የኒው ዮርክ ገበያዎች ትልቅ ምክንያት ነበሩ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ ፉትቦል የማያይ ቤተሰብ ሳይቀር ለጣቢያው በኬብል ሂሳቡ ሊከፍል ይችል የነበረው በዚህ አሠራር ነው። ፓክ-12 የተባለው ኮንፈረንስ በበኩሉ በ2012 ያለ አጋር የከፈተው ጣቢያ በትልቁ የሳተላይት አከፋፋይ በዳይሬክ ቲቪ ሳይካተት ቀረ፤ በኋላም ተፈላጊ የቴሌቪዥን ውል ባለማግኘቱ አባላቱ ተበትነው በ2024 ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ቀሩት።

ከስርጭት መብቱ የሚገኘው ገንዘብ ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው ለአባላቱ በእኩል ይከፋፈል ነበር፤ ብዙ ተመልካች ያለውም የሌለውም አንድ ዓይነት ድርሻ ይወስዳል። የአነስተኛ ቡድኖች ህልውና የተጠበቀው በዚህ ስለነበር አሠራሩ ሊከበር የሚገባው ነው። አሁን ግን እየተሸረሸረ ነው። ኦሪገንና ዋሽንግተን ወደ ቢግ ቴን የገቡት በተቀነሰ ድርሻ ነው። ኤ.ሲ.ሲ. በተባለው ኮንፈረንስ ደግሞ አባላቱ ፍሎሪዳ ስቴትና ክለምሰን ከኮንፈረንሱ ጋር ፍርድ ቤት ከቆሙ በኋላ፣ በ2025 በተደረሰው ስምምነት ከቴሌቪዥን ገቢው 60 በመቶው በተመልካች ብዛት፣ 40 በመቶው በእኩል እንዲከፈል ተወሰነ። የተመልካቹ ብዛት ግን በቡድኑ ጥንካሬ ብቻ አይወሰንም፤ ጨዋታው በምሽት በኤ.ቢ.ሲ. ሲተላለፍና በቀትር ጥቂት ሰው በሚያየው ጣቢያ ሲተላለፍ የሚያገኘው ተመልካች እጅግ ይለያያል። ስለዚህ ሰዓቱንና ጣቢያውን የሚመርጠው አካል የዩኒቨርሲቲውን ገቢም አብሮ ይነካል ማለት ነው።