የማካረን መናፈሻና የመዋኛ ገንዳው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በኒውዮርክ ከተማ፣ በብሩክሊን የግሪንፖይንትና የዊልያምስበርግ ሰፈሮች በሚገናኙበት ቦታ ስለሚገኘው የማካረን መናፈሻና ስለ ገንዳው ታሪክ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፉ የቆዩ ስሕተቶች ጥቂት አይደሉም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መናፈሻውና ገንዳው በአንድ ጊዜ የተሠሩ ይመስላሉ፤ ነገር ግን መናፈሻው ይቀድማል። በፊት ግሪንፖይንት ፓርክ ይባል የነበረው ቦታ የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ1909 ከሞቱት የግዛቲቱ ሴናተር ከፓትሪክ ማካረን ሲሆን፣ ገንዳው የተከፈተው ግን ሐምሌ 31 ቀን 1936 ነው።

«ከተማዋ በራሷ ገንዘብ ሠራችው» የሚለውም እውነታውን በግማሽ ብቻ ይይዛል። ሥራውን የመሩት የከተማዋ የመናፈሻዎች ኃላፊ ሮበርት ሞዝስ ቢሆኑም፣ የገንዘቡና የጉልበቱ ዋና ምንጭ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ለሥራ አጦች ሥራ ለመፍጠር በ1935 የተቋቋመው የፌዴራል መንግሥት መርሐ ግብር ነበር። በ1936 አንድ ክረምት ብቻ በከተማዋ 11 ግዙፍ ገንዳዎች ተከፍተዋል፤ የማካረኑ ብቻውን 6,800 ዋናተኞችን ይይዝ ነበር።

ዛሬ መግቢያው ነጻ ስለሆነ ድሮም እንዲሁ የነበረ የሚመስላቸው አሉ። በ1930ዎቹ ግን ልጆች በነጻ የሚገቡት በሥራ ቀናት ጠዋት ሲሆን፣ በሌላው ሰዓት ልጅ 10 ሳንቲም፣ አዋቂ 20 ሳንቲም ይከፍል ነበር። አሁን የሚጠየቀው የመዋኛ ልብስና ዕቃ ማስቀመጫውን ለመቆለፍ ከቤት የሚመጣ ጓጉንቸር ነው፤ ጓጉንቸሩን የረሳ ሰው ከበር ይመለሳል።

ከሁሉም የከፋው ስሕተት «ገንዳው የተዘጋው በገንዘብ እጦት ነው» የሚለው ነው። ያረጀውን ገንዳ ለማደስ በ1984 ዕቅድ ወጥቶለት ነበር። ሥራው ሊጀመር ሲል ግን ከነዋሪዎቹ አንዳንዶቹ በሩን ዘግተው ሠራተኞቹን ከለከሉ፤ ጭራሹን ይፍረስ ያሉም ነበሩ። ቅሬታቸው ስለ ወንጀልና ስለ ሁከት ይሁን እንጂ፣ ከሌላ ሰፈር የሚመጡት ጥቁርና ላቲኖ ወጣቶች ጉዳይ ከጀርባው እንደነበረ መሸፋፈን ተገቢ አይመስለኝም። የጠፋው ገንዘብ ሳይሆን ስምምነት ነበር፤ በዚህም ምክንያት ገንዳው ለ28 ዓመታት ውኃ ሳያይ ቀረ።

ከ2005 ጀምሮ በደረቁ ገንዳ ውስጥ የተካሄዱት የዳንስና የሙዚቃ ዝግጅቶች ቦታውን ከመረሳት ቢያወጡትም፣ እድሳቱ የተከናወነው በትኬት ሽያጭ አይደለም። 50 ሚሊዮን ዶላር የሚሆነው ወጪ በከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ ዘመን፣ በ2007 ይፋ በተደረገው የከተማዋ የረጅም ጊዜ ዕቅድ መሠረት፣ ከሕዝብ ካዝና ወጣ። በዚያው ዓመት ቦታው በቅርስነት ስለተመዘገበ፣ ባለ ቅስቱ የጡብ መግቢያ እንደተጠበቀ ቆይቷል። የገንዳው ስፋት ግን እንደ ቀድሞው አይደለም፤ በሰኔ 2012 ሲከፈት የሚይዘው 1,500 ሰው ያህል ነበር።