ሕልምና እውን የሚምታታበት ፊልም፣ ከጎጃም ሲታይ

ሥነ ልቦናዊ ትሪለር የሚባለው የፊልም ዘርፍ ብዙ ቅርንጫፍ አለው። አንዱ ሕልምንና እውንን ሆን ብሎ ያምታታል። ባለታሪኩ ከእንቅልፉ ይነሳል፣ ታጥቦ ከቤት ይወጣል፣ ከዚያ ድንገት እንደገና አልጋው ላይ ይባንናል። የሚያሳድደው ሰው ይኑር አይኑር እሱም አያውቅ፣ ተመልካቹም አያውቅ።

ጥበቡ ድንበሩን መደበቅ ላይ ነው። ድሮ ሕልም ሲመጣ ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ ድምፁ ያስተጋባል። ጎበዝ ዳይሬክተር ይህን ይተወዋል። ሕልሙን እንደ ተራ ቀን ይቀርጸውና አንዲት ነገር ብቻ ያዛባል፤ ትናንት በግራ የነበረው በር ዛሬ በቀኝ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920 የወጣው የጀርመኑ ድምፅ አልባ የዶክተር ካሊጋሪ ፊልም፣ ተራኪው ራሱ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ያለ ሰው መሆኑን መጨረሻ ላይ ይገልጣል። በ1943 ደግሞ ፊልም ሠሪዋ ማያ ዴረን ከባሏ ከአሌክሳንደር ሃሚድ ጋር ሎስ አንጀለስ ቤታቸው ውስጥ ሕልምና እውን የሚምታታበት የ14 ደቂቃ ፊልም ሠራች። ዕቃው ቁልፍ፣ ቢላዋ፣ ስልክ፣ ደረጃ። በቃ። ኪሱ ሳሳ ያለ የግል ፊልም ሠሪ ዘርፉን የሚወደው ለዚህ ነው።

ለጎጃም ሰው ይህ ባዕድ ታሪክ አይደለም። ዱካክን የማያውቅ ማን አለ? ዓይን ይገለጣል፣ ጥቁር ነገር ደረት ላይ ተቀምጧል፣ ለመጮህ ቢሞከር ድምፅ እምቢ ይላል። ጫት ያቋረጠ ሰው በዱካክ ሲያማርር መስማት የተለመደ ነው። ሳይንሱ እንደሚለው፣ ሕልም በብዛት በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ጡንቻ አይታዘዝም። አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ ሰውነት ይዘገያል፣ ሕልሙም ክፍሉ ውስጥ ይቀጥላል።

ለእኔ ግን ትልቁ ታሪክ አብሾ ነው። የጎጃሞቹ የቅኔ ትምህርት ቦታዎች ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው የገነነ ነው። የቆሎ ተማሪ የሚማረው በቃሉ ስለሆነ፣ አብሾ የሚባል፣ አእምሮ ይከፍታል የተባለ መድኃኒት ይጠጣል እየተባለ ከድሮ ጀምሮ ይወራል። አብሾ ሲነሳ አስተናግር የሚባለው ዕፅ ስሙ አብሮ ይነሳል። አስተናግር ውስጥ አትሮፒንና ስኮፖላሚን አሉ። ሁለቱም አሴቲልኮሊን የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ ያግዳሉ። አፍ ይደርቃል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ሰውየው ከሌለ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ያወጋል። ቅዠት መሆኑን አያውቅም፤ ሲመለስም ብዙውን አያስታውስም። አብሾ የጠጣ ሰው ከዓመታት በኋላ እንኳ መጠጥ ሲቀምስ «አብሾው ተነሳበት» ይባላል። ይሄ እኮ ያለቀለት ስክሪፕት ነው! ሌሊት መቃብር ቤት የሚያድር ተማሪ፣ ቅኔውን የሚነግረው የኔታ ይሁን ሌላ ያልለየለት።

ችግሩ አጨራረሱ ላይ ነው። «ለካ ሁሉም ሕልም ነበር» ብሎ መዝጋት ተመልካችን ማታለል ነው። በሌላ በኩል እኛ ጋ ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል፤ ጠዋት ይነገራል፣ ፍቺ ይጠበቃል። ዘርፉ ደግሞ ፍቺ ይነፍጋል። እዚህ የሚሠራ ሰው ሁለት ፍቺ አዘጋጅቶ ለሁለቱም በቂ ፍንጭ ቢተው ይሻለዋል። አብሾውን ግን የጥበብ መጠጥ አድርጎ አያሳምረው። አስተናግር መርዝ ነው፣ ይገድላል። «ገጸ ባሕርዩን ልኑረው» የሚል ተዋናይ ካለም ከወዲሁ ይነገረው።