አኩዌደክት ምንድን ነው? ውሃ የሚሻገርበት ድልድይ

ፎቶውን ሳታዩት አትቀሩም። ወንዝ ላይ የቆመ፣ በሦስት ደርብ የተደራረበ የቅስት ድልድይ። ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ነው ያለው፤ ፖን ዱ ጋር ይባላል። ብዙ ሰው ሲያየው ለሰውና ለጋሪ የተሠራ ይመስለዋል። የተሠራው ግን ለውሃ ነው። ከታች ወንዝ ይፈሳል፤ 49 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ደግሞ ሌላ ውሃ ያቋርጠው ነበር።

አኩዌደክት ከላቲን የመጣ ቃል ነው፤ የውሃ መምሪያ እንደማለት። እና ድልድዩ የአኩዌደክቱ አንድ ቁራጭ ብቻ ነው። መስመሩ በሙሉ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ኡዜስ አጠገብ ካለ ምንጭ ተነስቶ ሮማውያን ኔማውሱስ ወደሚሏት፣ ዛሬ ኒም ወደምትባለው ከተማ ይሄዳል። አብዛኛው መሬት ውስጥ የተቀበረ ቦይ ነው። ለእኔ ዋናው ሥራ ማንም ፎቶ የማያነሳው ይሄ ቦይ ነው።

ፓምፕ የሚባል ነገር የለም። ውሃው የሚሄደው ቁልቁል ስለሆነ ብቻ ነው፤ ፎቅ ላይ ከተሰቀለ ሮቶ ውሃ ወደ ኩሽና እንደሚወርደው። ችግሩ፣ ምንጩ ከከተማዋ ከፍ የሚለው በ12 ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ለ50 ኪሎ ሜትር! በኪሎ ሜትር ሲካፈል 25 ሴንቲሜትር፣ ከስንዝር ብዙም አያልፍም። በቀጥታ ቢሆን ርቀቱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ መሀል ላይ ግን ኮረብታ አለ። ስለዚህ ቦዩ ኮረብታውን ታክኮ ዞረ። ሲዞር የጋርዶን ወንዝ ሸለቆ ገጠመው። እንዲህ ባለ ቦይ ውስጥ የሚሄድ ውሃ አንዴ ከወረደ ወረደ ነው፤ ተመልሶ ዳገት አይወጣም። ድልድይ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ መሐንዲሶቹ አንድ ነገር አሰቡ። ከድልድዩ በፊት ያለውን ቁልቁለት ሆን ብለው በርከት አደረጉት። በዚህም ድልድዩን በ6 ሜትር ያህል ዝቅ አድርገው መሥራት ቻሉ። ዕዳውን የከፈለው ከድልድዩ ወዲያ ያለው ቦይ ነው፤ እሱ ሜዳ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ድልድዩ ራሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያዘቀዝቀው 2.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው።

ታዲያ በምን ለኩት? ኮሮባቴስ የሚባል 6 ሜትር የሚሆን ረጅም የእንጨት ጠረጴዛ ነበራቸው። ጫፍና ጫፉ ላይ ቱምቢ ይንጠለጠላል። ነፋስ ቱምቢውን ካወዛወዘው፣ ጠረጴዛው ላይ የተቦረቦረ ቦይ አለና ውሃ ይሞሉበታል። የእኛ ግንበኞች «ውሃ ልክ» የሚሉት ስም ለዚህ ዕቃ ቢሆን እንዴት በገጠመ።

ድልድዩ የተሠራው በ1ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ድንጋዩን ያወጡት አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ከማይርቅ ካባ ነው። አንዳንዱ ድንጋይ 6 ቶን ይመዝናል። የታችኞቹ ሁለት ደርቦች ውስጥ ኖራም ሲሚንቶም የለም፤ ያያዛቸው የድንጋዩ ክብደትና የጠራቢው እጅ ነው። ቅስቱ መጀመሪያ እንጨት ካሳፎርማ ላይ ይደረደራል። መሀል አናቱ ላይ የመጨረሻው ድንጋይ ሲገባ ሁሉም እርስ በርሱ ይገፋፋል፣ ከዚያ እንጨቱ ይነሳል። ድንጋዩን ወደ ላይ የሚያወጣው ክሬን ደግሞ ሞተሩ ሰው ነበር፤ ትልቅ መንኮራኩር ውስጥ ገብተው እየተራመዱ ያዞሩታል።

ቀረብ ብሎ ላየው ግድግዳው ላይ ወጣ ወጣ ያሉ ድንጋዮች አሉ። መወጣጫው ያረፈባቸው ናቸው፤ ሥራው ሲያልቅ የቆረጣቸው የለም። አንዳንዱ ድንጋይ ላይም «የፊት ግራ፣ 3ኛ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ምህፃረ ቃል ተቀርጿል። የቱ ድንጋይ የት እንደሚገባ ግንበኛው እንዳይሳሳት ነው።

ውሃው የሚሄደው አናቱ ላይ፣ በጠፍጣፋ ድንጋይ በተከደነ ቦይ ውስጥ ነበር። ውስጡ የተለሰነው ሸክላ ስባሪ ተፈጭቶ በተቀላቀለበት ኖራ ነው፤ ውሃ አያስገባም። ኒም ሲደርስ ክብ ገንዳ ውስጥ ይገባና፣ ከገንዳው ግድግዳ በ10 ቀዳዳ በእርሳስ ቱቦ ለከተማው ይከፋፈላል።

መስመሩን የጎዳው የድንጋዩ ድክመት አልነበረም። የምንጩ ውሃ ካልሲየም ይበዛበታል፤ ውሃ ማፍያ ታች የሚጋገረው ነጭ ነገር ማለት ነው። ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የሚጠርገው ሰው እየጠፋ ሲሄድ ቦዩ በራሱ ውሃ እየጠበበ መጣ። ዛሬ የቦዩ ግድግዳ ላይ እስከ ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው ቅርፊት ተጋግሮ ይታያል።